ከከባድ መኪና ጋር በአንድ አስፋልት፦ ለድሬ ሳይክል ነጂዎች

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፤ መታጠፊያ አካባቢ በከባድ መኪና ቀኝ ጎን አትግቡ። መኪናው ቆሞም ይሁን እየሄደ፣ ቦታው ቢሰፋም፣ ብትቸኩሉም አትግቡ። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው የዚህ ዝርዝር ነው።

እኔ ሁለቱንም ወገን አውቀዋለሁ። በጅቡቲ መስመር ለዓመታት ተሳቢ ነድቻለሁ። አሁን ከዚራ ውስጥ ሳይክል እጠግናለሁ፣ አከራያለሁ። ራሴም የምንቀሳቀሰው በሳይክል ነው። ሱቄ የሚመጣው ልጅ ስለ ጎማ፣ ስለ ካቴና፣ ስለ ፍሬን ይጠይቀኛል። ከጎኑ ስለሚያልፈው ከባድ መኪና ግን የሚጠይቀኝ የለም። "እንዴት ሆኖ ነው?" የሚባለው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ከአደጋው በፊት ብትጠይቁኝ እመርጣለሁ።

ድሬ ለሳይክል የተሠራች ይመስላል። መሀሉ ሜዳ ነው፣ የከዚራ ዛፎች ጥላ አላቸው። አባቶቻችን ምድር ባቡርም ሆነ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚገቡት በሳይክል ነበር። በ1902 በፈረንጆቹ የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። ዛሬ ግን ኮንቴነሩም፣ ሲሚንቶውም፣ ነዳጁም ብዙውን ጊዜ በጎማ ነው የሚመጣው። መልካ ጀብዱ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጠና ተመረቀ። ሥራ መምጣቱ ደስ ይላል። ሥራው ግን የሚመጣው ከነተሳቢው ነው፣ የምንነዳበት አስፋልትም ያው አንዱ ነው።

መጀመሪያ ጋቢና ውስጥ ተቀመጡ

ትምህርቱ የሚጀምረው ከሳይክል በመውረድ ነው። የምታውቁትን ሹፌር ፈልጉ። ድሬ ላይ ሹፌር ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ሰው አላውቅም። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ በሹፌሩ ኪስ ሆኖ፣ እናንተ በመሪው በኩል ተቀመጡ። አንድ ጓደኛችሁ ደግሞ ሳይክሉን እየገፋ መኪናውን ቀስ ብሎ ይዙረው።

ይህን ከእህቴ ልጆች ጋር ሞክረነዋል። ልጅቷ ከሳቢያን ትምህርት ቤት የምትመላለሰው በሳይክል ነው። እሷን ጋቢና ውስጥ አስቀመጥኳት፣ ታናሽ ወንድሟ ሳይክሉን ይዞ ዞረ። በግራ በኩል ሲመጣ በደንብ ታያት። ከተሳቢው ኋላ ሲሄድ ጠፋ፣ ይህ አልገረማትም። በቀኝ በኩል ሲመጣ በስፖኪዮው ውስጥ ለአፍታ ታየ። ከዚያ ከፊት ጎማው አጠገብ ደርሶ ቆመ። "አጎቴ፣ የት ሄደ?" አለችኝ። ከበሩ ሥር ነበር። እጁን ቢዘረጋ በሩን ይነካል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሹፌሩ የሚቀመጠው በግራ ነው። የቀኙ በር ከእሱ ይርቃል፣ መስኮቱም ከሳይክል ነጂ ጭንቅላት በላይ ነው። ስፖኪዮው የሚያሳየው ከኋላ ያለውን እንጂ ከበሩ ሥር ያለውን አይደለም። መኪናው በቀኝ መታጠፍ ሲጀምር ደግሞ ይብሳል። ጋቢናው ይዞራል፣ ኮንቴነሩ ገና አልዞረም፣ ስለዚህ በቀኙ ስፖኪዮ ውስጥ ለሹፌሩ የሚታየው የገዛ ኮንቴነሩ ጎን ብቻ ይሆናል። በጣም ሊያያችሁ በሚገባው ሰዓት ጭራሽ አያያችሁም።

ከመኪናው አፍንጫ ሥርም እንዲሁ ነው። ጋቢናው ከፍ ያለ ስለሆነ ከፊት መከላከያው ጋር ተጠግቶ የቆመ ሰው አይታይም። ልጅ ከሆነ ወይም ጎንበስ ብሎ ካቴና የሚያስገባ ከሆነ ፈጽሞ አይታይም። እህቴ ልጆቿን ወደ ታች ጠርታ ለራሷም አሳዩኝ አለች፣ ወጥታ አየች። ከዚያ ቀን ወዲህ የልጅቷን መንገድ ቀይራዋለች፣ ረዘም ቢልም በውስጥ ለውስጥ ነው የምትሄደው። ልክ አድርጋለች።

የቀኝ ጎን ዓይን ረዳቱ ነው

የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ላይ ይህን ሲናገሩ አልሰማሁም። እኛ አገር ተሳቢ መኪና ሲታጠፍ ቀኙን የሚያየው ረዳቱ ነው። ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ "ሂድ! ሂድ! ቁም፣ ሳይክል አለ!" ይላል። እኔ ራሴ ስነዳ በቀኝ በኩል የማምነው ከስፖኪዮው ይልቅ እሱን ነበር።

ስለዚህ ወደ ከባድ መኪና ስትጠጉ የቀኙን መስኮት ተመልከቱ። ረዳቱ ወጣ ብሎ ወደ ኋላ እያየ ነው? እጃችሁን አንሡለት፣ ሰላም በሉት። እሱ ካያችሁ ለሹፌሩ ይነግረዋል። መስኮቱ ተዘግቷል? ረዳቱ ተኝቷል? ከጅቡቲ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ መኪና ጠዋት ሲገባ ረዳቱ አንገቱን ደፍቶ መተኛቱ የተለመደ ነው። እሱም ሰው ነው፣ ሌሊቱን ሹፌሩን እያጫወተ ነው ያደረው። ጭራሽ ያለ ረዳት የሚሄድም አለ። እንደዚያ ሲሆን ያ ጎን ማንም የማያየው ጎን ነው ብላችሁ ያዙት።

መኪናው ወደ ኋላ ሲመለስም ረዳቱን ስሙ። "ና! ና! ና!" እያለ ከሆነ ከመኪናው ኋላ አትለፉ። ሹፌሩ የሚሰማው ያንን ድምፅ ብቻ ነው። ረዳቱ ደግሞ ዓይኑ ያለው ግድግዳው ወይም ቆመው ያሉት መኪኖች ላይ ነው። "በቃ!" እስኪል ጠብቁ።

ወደ ግራ ሲከፍት አትመኑት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ረጅም መኪና በቀኝ ለመታጠፍ ሲፈልግ መጀመሪያ ወደ ግራ ይከፍታል። ካልከፈተ አይዞርለትም። የኋላ ጎማ የፊተኛውን ዱካ ተከትሎ አይሄድም። በውስጥ በኩል ቆርጦ፣ ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ነው የሚያልፈው። መኪናው በረዘመ ቁጥር የሚቆርጠው ቦታ ይሰፋል። ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ዝናብ ካለፈ በኋላ ጎርፍ አሸዋ ያመጣበት መታጠፊያ ላይ ቆማችሁ የጎማ ዱካውን እዩ። ድሬ ላይ አሸዋ አይጠፋም። የፊት ጎማው ዱካ መሀል አስፋልት ላይ ይሆናል፣ የኋላው የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ሊልስ ምንም አይቀረውም።

ሳይክል ነጂው ግን ከኋላ ሆኖ የሚያየው ሌላ ነው። መኪናው ወደ ግራ ሸሸ፣ በቀኝ በኩል ሰፊ ቦታ ተከፈተ። "ለቀቀልኝ" ብሎ ይገባል። ጋቢናው መዞር ይጀምራል። ቦታው ይጠባል። የፊቱ ጎማ ሲያልፍ "ተረፍኩ" ይላል። የሚመጣው ግን የኋላው ነው።

ይህ አደጋ ፍጥነት አይፈልግም። መኪናው በሰው እርምጃ እየሄደ ነው የሚደርሰው። ሹፌሩ ብዙ ጊዜ ሰው መንካቱን እንኳ አያውቅም፤ አሥር ጎማ ላይ የጫነ መኪና ሳይክል ሲረግጥ ጋቢና ውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። ሰው ሲጮህ ነው የሚቆመው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መኪናው ከፊታችሁ ከሆነና መታጠፊያ ከቀረበ፣ ከኋላው ቆዩ። ተጠግታችሁ ሳይሆን ሁለቱም ስፖኪዮዎች የሚታዩበት ርቀት ላይ። በስፖኪዮው ውስጥ የሹፌሩን ፊት ካላያችሁ እሱም የእናንተን አያይም። የሹፌሩ ፊት ከታየ ደግሞ ያያችኋል ማለት ሳይሆን ማየት ይችላል ማለት ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ። ዓይን ለዓይን ተያይታችሁ ራሱን ከነቀነቀላችሁ ብቻ ነው አይቷችኋል የሚባለው።

እናንተ ከፊት ሆናችሁ መኪናው ከኋላ እየመጣ ከሆነ፣ መታጠፊያው ላይ ጠርዝ ይዛችሁ አትለጠፉ። ጠርዝ ላይ ስትለጠፉ "ጎን ለጎን እንሄዳለን" ብላችሁ የጋበዛችሁት ያህል ነው። ወይ ትንሽ ወደ መሀል ወጥታችሁ ኋላችሁን አይታችሁ መታጠፊያውን ጨርሱ፣ ወይ ከመታጠፊያው በፊት ወርዳችሁ አሳልፉት። ጉልበታችሁን የማታምኑ ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ። እኔ አሁን በእድሜዬ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው።

ከጎኑ እያላችሁ መዞር ከጀመረስ? ለመቅደም አትሞክሩ። አትጩሁም፣ ጩኸታችሁን ሞተሩ ይውጠዋል። ፍሬን ይዛችሁ ወደ ኋላ ቅሩ። መቅረት ካልተቻለ ሳይክሉን ጥላችሁ የእግረኛ መንገዱ ላይ ዝለሉ። ሳይክሉን ጣሉት! ሳይክል እኔ ጋ አለ። የተከራያችሁትም ቢሆን ከእኔ ጋር እንነጋገራለን።

ከፍሬቻው ይልቅ ጎማውን እዩ

ፍሬቻ ጥሩ ነው፣ ካለ። የተሳቢ የኋላ መብራት ግን ብዙ ጊዜ አቧራ ይሸፍነዋል፣ ወይም ገመዱ ተበጥሷል። ስለዚህ ፍሬቻ አላበራም ማለት አይታጠፍም ማለት አይደለም። ቀኝ ፍሬቻ በርቶ ከሆነ ደግሞ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ሊታጠፍ ነው፣ ሊቆም ነው፣ ወይም ከኋላው ላለው መኪና "እለፈኝ" እያለው ነው። ይህ የአገር አቋራጭ ሹፌሮች ልማድ ነው። ለሳይክል ነጂ ግን ትርጉሙ ምንጊዜም አንድ ነው፤ ሊታጠፍ ነው።

የማይዋሸው የፊት ጎማ ነው። ቆሞ የነበረ መኪና ሊነሣ ሲል ጎማው መጀመሪያ ይጠመዘዛል። "ጽስስ" የሚል የንፋስ ድምፅ ከሰማችሁ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ ማለት ነው፣ በሚቀጥለው ሰከንድ ይንቀሳቀሳል። መንገድ ዳር ከቆመ መኪና አጠገብ ስታልፉ እነዚህን ሁለቱን አትርሱ። የሚነሣው ሹፌር የሚያየው በግራው ስፖኪዮ የሚመጣውን መኪና ነውና።

አደባባይ ላይም ሕጉ ያው ነው። ከምድር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ላይ ብዙ ልጆች ውጪኛውን ጠርዝ ይዘው ከአይሱዙ ጋር ጎን ለጎን ሲዞሩ አያለሁ። መኪናው የሚወጣው በእነሱ በኩል ነው። ከኋላው ሁኑ። ብዙ መኪና ካለ ደግሞ ወርዳችሁ በእግረኛ መሻገሪያ ግፉት። ድሬ ላይ ሳይክል መግፋት ነውር ሆኖ አያውቅም፣ በቀትር ፀሐይ ሁላችንም ስንገፋ ነው የምንውለው።

ባጃጁን አትርሱት

ሳይክል ነጂን ከባድ መኪና ሥር የሚከተው ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ሰው ነው። ባጃጅ ከፊታችሁ ይሄዳል። አንዲት እናት ከዘንቢላቸው ጋር እጃቸውን ያነሣሉ። ባጃጁ ቀጥ ይላል። እናንተ ሳታስቡት መሪውን ወደ ግራ ትሰብራላችሁ። በግራ በኩል ሲኖ እየመጣ ነው።

በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪያዞር ያ ሰከንድ አለፈ። የንፋስ ፍሬን ደግሞ እንደ ታክሲ ፍሬን ወዲያው አይዝም፣ ንፋሱ እስኪደርስ ትንሽ ይዘገያል። ከዚያ በኋላ ነው ጭነቱን ማቆም የሚጀምረው። አቦ፣ ሹፌሩ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም የማይቆመው። አይቆምለትም!

ከባጃጅ ኋላ ስትሄዱ ርቀት ጠብቁ፣ ቀጥ ካለ ከኋላው ቁሙ። ማለፍ ካለባችሁ አስቀድማችሁ አንገታችሁን አዙራችሁ እዩ፣ ከዚያ ውጡ። በጆሮ አትመኑ። የጆሮ ማዳመጫ የምታደርጉ ልጆች ደግሞ እባካችሁ አውጡት።

በየመንገዱ

ቀፊራ ገበያ ዙሪያ መኪናው አይሮጥም። ችግሩ ሌላ ነው። አትክልት የሚያራግፍ አይሱዙ፣ አህያ፣ ጋሪ፣ ሸክም የያዘ ሰው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ከመኪናው ጎን ገመድና የሸራ ጫፍ ይንጠለጠላል፣ መሪ ላይ ከተጠመጠመ ይጥላል። ረዳት ሳያይ ከላይ ይዘላል። እዚያ ውስጥ ሳይክል መግፋት ነው የሚሻለው። ሁለት ጄሪካን ውኃ ግራና ቀኝ ያንጠለጠላችሁ ከሆነ ደግሞ ስፋታችሁ በእጥፍ መጨመሩን አትርሱ። መሪው ያለፈበት ሁሉ ጄሪካኑ አያልፍም።

ከሳቢያን አልፎ ወደ መልካ ጀብዱ የሚወስደው መንገድ ላይ ግን ፍጥነት አለ። እዚያ የሚያስፈራው ንፋሱ ነው። ኮንቴነር የጫነ መኪና በፍጥነት ሲያልፋችሁ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋችኋል፣ ልክ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ራሱ ይስባችኋል። ለማያውቅ ሰው ሁለተኛው ነው አደገኛው። ክንዳችሁን አታድርቁ፣ ክርናችሁን ትንሽ አጥፉ፣ መሪውን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ፔዳል መምታት አታቁሙ። ከኋላው ሁለተኛ ተሳቢ መኖሩን ሳታዩ ወደ መሀል አትመለሱ፤ አብረው ነው የሚሄዱት።

የጫት መኪና ከሰማችሁ ግን ምክሬ አጭር ነው፤ ከአስፋልቱ ውረዱ። ሰዓት እያሳደደው ነው፣ አይጠብቃችሁም። ስትወርዱም አስቀድማችሁ ቦታ መርጣችሁ ውረዱ። የአስፋልቱ ጠርዝ የተቆረጠበት ቦታ ላይ በመጨረሻው ሰከንድ መውረድ ራሱ ይጥላል፣ የምትወድቁትም ወደ መንገዱ ነው።

የፀሐይዋን ነገር ብዙ ሰው አያስበውም። ማታ 11 ሰዓት አካባቢ ወደ መልካ ጀብዱ ስትሄዱ ፀሐይ ዓይናችሁ ውስጥ ነው። እናንተን ካሳወረች ከኋላችሁ የሚመጣውንም ሹፌር አሳውራለች፣ ያውም አቧራ በለበሰ መስታወት ውስጥ። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ስትሄዱም እንዲሁ። ጥላችሁ ከፊታችሁ ከተዘረጋ ደግሞ የማያዩት ከፊት የሚመጡት ናቸው። ያቺን ግማሽ ሰዓት ብታሳልፏት ጥሩ ነው፣ ካልተቻለ ግን ማንም አያየኝም ብላችሁ ንዱ።

ደንገጎ ለብቻው ይነገር። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወደ ሐረር ለመሄድ ያንን ጠመዝማዛ መውጣት ግድ ነው። ዳገቱ ሲከብዳቸው የመኪና ጭራ ይዘው የሚወጡ ልጆች አሉ። ይህን ሳይ ሆዴ ይንቦጨቦጫል። ሹፌሩ መኖራችሁን አያውቅም። ማርሽ ሲቀይር መኪናው ይንገጫገጫል፣ ዳገት ላይ ማርሽ እንቢ ካለው ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል። ያኔ ያላችሁት ከጎማው ኋላ ነው። ልጆቹን የምታውቁ ንገሯቸው፣ አጥብቃችሁ ንገሯቸው።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ አፍንጫችሁን ተጠቀሙ። የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ሲግል የተቃጠለ ሽታ አለው፣ ከጎማው ጭስም ይወጣል። ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ካልያዘው ፍሬኑ እየጋለ ሄዶ መያዝ ያቆማል። ሽታው ከኋላችሁ ከመጣ ወዲያው ከመንገዱ ወጥታችሁ አሳልፉት። ከፊታችሁ ከሆነም ቆማችሁ ይራቅ። አስፋልቱ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ተጥሎ ካያችሁ ከኩርባው ኋላ የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው። መኪናው ከሄደ በኋላም ታኮ ያደረጉት ድንጋይ መንገድ ላይ ይቀራል። እኛ ሹፌሮች የምንነቀፍበት ነገር ነው። ለመኪና ትንሽ ድንጋይ ነው፣ ለሳይክል ግን ግድግዳ ነው።

ሳይክሉን በተመለከተ

እዚህ ላይ ብዙ አልልም። ሁለቱም ፍሬኖች ይያዙ፤ በእግር የሚቆም ሳይክል ከተማ ውስጥ አይነዳ። ማታ ከኋላ ቀይ፣ ከፊት ነጭ መብራት ይኑር። የከባድ መኪና አንጸባራቂ ስቲከር መለዋወጫ ሱቅ ይሸጣል። ከኋላው ጭቃ መከላከያ ላይ አንድ ለጥፉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ፔዳሉ ላይ ለጥፉ። ከጋቢና ሆኜ በጨለማ ሳይክል መሆኑን የምለየው ከፍ ዝቅ በሚለው የፔዳል ብልጭታ ነበር። ቆሞ የሚያበራ ነገር ከሩቅ ምንነቱ አይታወቅም። ልብስ ነጭ ይሁን። ሄልሜት ካላችሁ አድርጉ፣ ስትወድቁ ጭንቅላታችሁን ያድናል። ከተሳቢ ጎማ ግን አያድንም፣ እሱን አድርጌያለሁ ብላችሁ ቀኝ ጎን እንዳትገቡ።

ለሹፌር ወንድሞቼ

እናንተም አንብቡት። በለንደን ከፈረንጆቹ 2015 ጀምሮ ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ ጭነት መኪና የጎን መከላከያ ብረትና ቅርብ የሚያሳይ ተጨማሪ ስፖኪዮ ሳይኖረው ወደ ከተማው እንዳይገባ ተደረገ። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ከ12 ቶን በላይ የሆነው ሹፌሩ ከጋቢናው በዓይኑ ምን ያህል ያያል ተብሎ በኮከብ ይመዘናል። የማያሳይ ጋቢና ያለው ተጨማሪ መሣሪያ ካልገጠመ አይገባም።

እኛ ጋ ያ ሕግ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ምክንያት አይታየኝም። በቀኙ በር ላይ ወደ ታች የሚያሳይ ክብ ስፖኪዮ ብዙ አያስወጣም። በፊትና በኋላ ጎማ መሀል ያለውን ክፍት ቦታ የሚሸፍን ብረት ማንኛውም ጎበዝ በያጅ ይሠራዋል። ሳይክል ነጂ ሲወድቅ ወደ ጎማው ሥር እንዳይገባ ያደርጋል፣ አለቀ። ረዳታችሁ ከተማ መግቢያ ላይ ይነቃ፣ ፊቱን ይታጠብ፣ መስኮቱን ያውርድ። ከመታጠፋችሁ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ክላክስ አድርጋችሁ ሁለት ሰከንድ ጠብቁ። ስትነሡም ከመኪናው ፊት ማን እንዳለ ረዳቱ ወርዶ ይይ። ባለንብረቱ "ቶሎ በል" ቢላችሁ፣ ከተማ ውስጥ በመሮጥ የምታተርፉት ደቂቃ ደንገጎ ላይ ከአንድ ገልባጭ ኋላ ስትሳቡ እንደሚጠፋ እናንተም ታውቃላችሁ።

አደጋ ከደረሰ

መኪናው እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ። ሰው ከሥሩ እያለ "ትንሽ ወደፊት" "ትንሽ ወደኋላ" የሚል ጩኸት ይበዛል፤ አትፍቀዱ። አንድ ሰው ሹፌሩ ጋ ሄዶ ሞተሩን ያስጠፋ፣ ረዳቱ ጎማው ላይ ታኮ ያድርግ። የተጎዳውን ሰው እጅና እግሩን ይዛችሁ ባጃጅ ላይ አትጫኑ፣ አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ታባብሱታላችሁ። የሚደማ ካለ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት፣ አትልቀቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ድል ጮራ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ደዋዩ ግን ቦታውን በሚታወቅ ምልክት ይናገር፣ "ከዚራ" ብቻ ማለት አይበቃም።

ሌላ ሰው ደግሞ ሰሌዳውን ይጻፍ። ተሳቢው የራሱ ሰሌዳ አለው፣ ሁለቱንም ጻፉ። ፎቶ አንሡ፤ የጎማውን ቦታ፣ የሳይክሉን ቦታ፣ የመታጠፊያውን ጠርዝ። ለማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፣ ስለዚህ ቤተሰቡ "ሹፌሩ ድሃ ነው" ተብሎ በሽምግልና ብቻ ነገሩን ከመጨረሱ በፊት የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ይያዝ። ሹፌሩን ማንም አይምታ። እሱ ከሸሸ መኪናው ብቻውን ይቆማል፣ ምን እንደሆነ የሚናገርም አይገኝም።

ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ እሁድ ጠዋት ሱቅ ይምጣ። የቀድሞ ጓደኞቼ መኪና እረፍት ላይ ሲሆን እንድጠቀምበት ይፈቅዱልኛል። ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ኑ፣ ሳይክላቸውንም።